ሪሰርች ሜቶድ የገባኝ ከኤኤንሲ (የእርግዝና ክትትል) መዝገቡ ላይ ነው

ሚድዋይፍ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው፣ ኤምፒኤቼን (የሕብረተሰብ ጤና ማስተርሴን) ደሞ ዊኬንድ ዊኬንድ ተምሬ ነው የጨረስኩት። ይሄን የምጽፈው እንደኔ እየሰሩ ለሚማሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ሚድዋይፎችና ሶሻል ወርከሮች ነው። ሪሰርች ሜቶድስ የሚባለው ኮርስ እንዴት እንደሚሰጥ ታውቁታላችሁ፣ ስላይዱ ላይ ስተዲ ዲዛይን፣ ሳምፕሊንግ፣ ቫሊዲቲ፣ ሪላያቢሊቲ እየተባለ ይነበባል፣ ለፈተና ይሸመደዳል፣ ከዛ ቲሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ሲደርስ ሁሉም ሰው ከዜሮ ይጀምራል። ለኔ ነገሩ መልክ የያዘው አንድ ጥያቄ ከራሴ ስራ ላይ አንስቼ እያንዳንዱን ቻፕተር በሱ ላይ እየሞከርኩ ማንበብ ስጀምር ነው። ስለዚ ኮርሱን በሙሉ አላስተምራችሁም፣ ያ ጥያቄ ምን ምን እንዳሳየኝ ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄው የመጣው ከመዝገቡ ነው። የኤኤንሲ መዝገብ ላይ እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ እርግዝናዋ ስንት ሳምንት እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ እሱን ብቻ ከላይ ወደታች ስታነቡት 20፣ 24፣ 22፣ 28 እያለ ነው የሚወርደው፣ 10 ወይ 11 ማየት ብርቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ደሞ የመጀመሪያው ክትትል በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ሆኖ በጠቅላላው 8 ጊዜ እንዲሆን ነው የሚለው። የኛ ጤና ጣቢያ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የእ.ኤ.አ. 2016ቱ ኢዲኤችኤስ (የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት) ላይ በሰለጠነ ባለሙያ ክትትል ያገኙት እናቶች 62% ሆነው በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት የጀመሩት ግን 20% ብቻ ናቸው። አይረን ፎሌቱም፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራውም በጊዜ ሲጀመር ነው ጥቅሙ፣ በ7 ወሯ ስትመጣ ግማሹ እድል አልፏል። እና በየቀኑ ካርድ እየጻፍኩ "እነዚህ እናቶች ለምንድነው የሚዘገዩት?" እያልኩ ነበር፣ ቲሲስ ርዕስ ፍለጋ ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለገኝም።

ግን "ለምን ይዘገያሉ" የሚለው ለሰው ሲያወሩት ጥሩ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ለጥናት እንደዛው አይሆንም። ውስጡ ሶስት ጥያቄ አለ። ስንቶቹ ናቸው የሚዘገዩት? የሚዘገዩት ቶሎ ከሚመጡት በምን ይለያሉ፣ በርቀት ነው፣ በትምህርት ነው፣ በልጅ ብዛት ነው? ሶስተኛው ደሞ እነሱ ራሳቸው ነገሩን እንዴት ነው የሚያዩት? የመጀመሪያውን መዝገቡ ብቻውን ይመልሰዋል፣ ማንንም ሳታስቸግሩ። ሁለተኛው መጠይቅ ይፈልጋል፣ ያው ክሮስ ሴክሽናል (ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ጠይቆ የሚሰራ) የምንለው። ሶስተኛው ቁጭ ብሎ ማውራት ነው የሚፈልገው፣ በቁጥር አይመጣም። ይሄን ሶስት ቦታ ስከፍለው ስንት ሰዓት ስላይድ የወሰደው ስተዲ ዲዛይን የሚባል ነገር በአንድ ማታ ገባኝ። ብዙ ክላስሜቶቼ ግን "ኳንቲ (በቁጥር) ልስራ ወይስ ሚክስድ (ቁጥሩንም ማውራቱንም አንድ ላይ)" ብለው ይጀምሩና ከዛ በኋላ ጥያቄ ይፈልጉለታል፣ አንዳንዱ አድቫይዘርም እንደዛ ነው የሚመክረው፣ እኔ በበኩሌ ጫማ ገዝቶ እግር እንደመፈለግ ነው የምቆጥረው።

ስለ ክሮስ ሴክሽናል አንድ ነገር ልበል። ስልክ ያላቸው እናቶች ቶሎ ይመጣሉ የሚል ውጤት ብታገኙ ስልኩ ነው ያመጣቸው ማለት አይደለም፣ ስልክ ያላት ከተማ ዳር የምትኖር፣ ትንሽ ገንዘብ ያላት፣ የተማረች ልትሆን ትችላለች፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ነው የጠየቃችኋት፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ አታውቁም። ዲፌንስ (ቲሲሱ ለፈታኞች ሲቀርብ) ላይ ኤግዛሚነሮች አስር ጊዜ የሚነሱባት ነጥብ ይቺ ናት፣ "ምክንያቱ ይሄ ነው" ብላችሁ አትጻፉ፣ "ግንኙነት አለው" በሉ።

አሁን ስለ 423 ላውራ። ላይብረሪ ገብታችሁ የቆዩ ቲሲሶችን ካያችሁ የሀገራችን የጤና ጥናት ሁሉ ሳምፕል ሳይዙ (የሚጠየቀው ሰው ብዛት) 423 ነው (አንዳንዱ 422 ይላል፣ ማጠጋጋቱ ላይ ነው ልዩነቱ)። ብዙ ሰው ቁጥሩን ይወርሰዋል እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። 1.96 (ለ95% እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ሲባዛ 3.84 ነው፣ እሱን በ0.5 ከዛ እንደገና በ0.5 ታባዛላችሁ፣ ከዛ ልትታገሱት የምትችሉት ስህተት 5% ከሆነ 0.05 በራሱ ተባዝቶ 0.0025 ይሆናል፣ ለሱ ታካፍላላችሁ፣ 384 ይመጣል፣ ፈቃደኛ ላልሆኑት 10% ስትጨምሩበት 423። መሀል ላይ ያለችው 0.5 "ከኔ በፊት የተጠና ስለሌለ 50% ይሆናል ብዬ ልነሳ" ማለት ናት፣ 50% የሚመረጠውም ትልቁን ሳምፕል ስለሚሰጥ ነው። ግን ቀድሞ የተጠና ካለ? እኔ ኢዲኤችኤስ ላይ 20% የሚል አለኝ። 0.2 በ0.8 ሲባዛ 0.16 ነው፣ ስሌቱ 246 ይሰጣል፣ ከ10% ጋር 271። ከ423 ጋር ልዩነቱ 152 መጠይቅ ነው፣ ለዳታ ሰብሳቢ አበል የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ደስ ብሏችሁ ግን ወዲያው 271 ብላችሁ እንዳትጽፉ። 20% ላይ ቆማችሁ ፕላስ ማይነስ 5 ማለት ከ15 እስከ 25 ማለት ነው፣ ሰፋ ያለ ነው፣ አድቫይዘር "ማርጂኑን ወደ 4% አጥብቢው" ሊል ይችላል፣ ሲባል ደሞ 3.84 በ0.16 ተባዝቶ ለ0.0016 ሲካፈል ተመልሶ እዛው 384 ላይ ቁጭ! ይሄ ሲመጣ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ግን አሁን ቁጥሩ የኔ ነው፣ ለምን እንደሆነ ስጠየቅ መልስ አለኝ። በተጨማሪ የምታጠኑት ሕዝብ ራሱ ትንሽ ከሆነ (ከ10,000 በታች የሚለው የተለመደ ነው) ማስተካከያ ቀመር አለ፣ ለምሳሌ ጠቅላላው 1,200 ከሆነ 384 ወደ 291 ይወርዳል። ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ለልዩነቶቹ፣ ኤፒ ኢንፎ (የስሌት ሶፍትዌር) ላይ ለብቻው ይሰላና ከሁለቱ ትልቁ ይወሰዳል።

ቁጥሩን ከጨረስን በኋላ የሚመጣውና ብዙ ሰው በአንድ መስመር የሚያልፈው ነገር "እነማንን ነው የምጠይቀው" የሚለው ነው። ጤና ጣቢያ በር ላይ ሆናችሁ ከክትትል የሚወጡትን ብትጠይቁ የምታገኙት የመጡትን ብቻ ነው፣ ጭራሽ ያልመጣችው እዛ የለችም። የኔ ጥያቄ ስለ መዘግየት ስለሆነ ያስኬዳል፣ "ለምን አይመጡም" ቢሆን ኖሮ ግን ቀበሌ ወርጄ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ፋሚሊ ፎልደር (የቤተሰብ መዝገብ) ላይ ነበር ዝርዝር ማውጣት ያለብኝ። ሌላው ቀኑ ነው። የገበያ ቀን ከሩቅ ቀበሌ ያሉት ሁሉ በአንድ ጉዞ ገበያውንም ክትትሉንም ይጨርሳሉ፣ በሌላው ቀን በብዛት የከተማዋ ሴቶች ናቸው። ዳታ ሰብሳቢዎች ወረፋ በማይበዛበት ቀን መስራት ይወዳሉ፣ ከለቀቃችኋቸው ጥናታችሁ የከተማ ጥናት ሆኖ ያርፋል፣ ርቀት ከመዘግየት ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ጉድም ልታገኙ ትችላላችሁ። በየስንተኛዋ እናት እንደምትጠይቁ ከመወሰናችሁ በፊት መዝገቡን በሳምንቱ ቀናት ከፍላችሁ ቁጠሩት፣ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው።

ጠያቂው ማነው የሚለውም ከፎርሙላው በላይ ውጤት ይቀይራል። ነጭ ጋዋን ያደረገች፣ ነገ የምታዋልደኝ ሴትዮ "በአገልግሎቱ ረክተሻል?" ብትለኝ እኔስ ምን እላለሁ? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ደህና ነው" ነው የምለው። የኛ ሰው ፊት ለፊት ማሳፈር አይወድም፣ ለዛ ነው የእርካታ ጥናት ሁሉ ውጤቱ የሚያምረው። ስለዚ ዳታ ሰብሳቢዎቹን ከሌላ ጤና ጣቢያ አመጣሁ፣ ጋዋን አወለቁ፣ ቦታውም ከኤኤንሲ ክፍሉ ርቆ ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ሆነ፣ እናትየዋም ተስተናግዳ ከጨረሰች በኋላ ነው የምትጠየቀው እንጂ ወረፋ ላይ ሆና "ካልመለስኩ አልገባም" ብላ እያሰበች አይደለም።

አሁን ወደ ቀን ልምጣ፣ ምክንያቱም በዚህ ላይ የሚጽፍልን ፈረንጅ የለም። እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ ለማወቅ የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ያስፈልጋል፣ አልትራሳውንድ በጊዜ የታየላት እናት ደሞ ጥቂት ናት። "መቼ ነበር?" ስትሉ "እኔ እንጃ" ነው መልሱ። ግን ቀኑን አያስታውሱም ማለት አይደለም፣ በበዓልና በጾም ነው የሚያስታውሱት። ስለዚ አንድ ገጽ ካላንደር ሰራን፣ ሎካል ኢቨንት ካላንደር ይባላል፣ መስቀል መስከረም 17፣ ሚካኤል ህዳር 12፣ ጽዮን ህዳር 21፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ልደታ ግንቦት 1፣ ፍልሰታ መግቢያ ነሐሴ 1 እያልን፣ በአካባቢው ያለውን ንግስና የአጨዳ ጊዜም ጨመርን፣ ሙስሊም እናቶች ስላሉ የረመዳን መግቢያና ኢዱ በዛ ዓመት የዋለበትን ቀን አስገባን። ከዛ ውይይቱ እንዲ ይሆናል፦ "ጥምቀት ላይ ታይቶሽ ነበር?" "አይ፣ ከጥምቀት በፊት ነው የቀረው፣ ገና ላይ ግን አይቻለሁ።" "ገና ስንት ቀን ሲቀረው ነው?" "ለገና እህል ሳስፈጭ፣ ሶስት አራት ቀን ሲቀረው።" ይኸው ታህሳስ መጨረሻ ላይ ደረስን። ፐርፌክት አይደለም፣ ከ"አላውቅም" ግን በብዙ ይሻላል።

ቀኑን ካገኛችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ሌላ ጣጣ አለው። በኛ አቆጣጠር 30/2 ማለት ጥቅምት 30 ነው፣ ኤክሴል ግን ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ቀን አይደለም ብሎ እንደ ጽሁፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አያውቀውም። ከዛ የሚብሰው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው፣ ለምሳሌ ከ25/5 እስከ 5/6 በኛ 10 ቀን ነው፣ እሱ ሜይ 31 ቀን ስላለው 11 ይላችኋል፣ ጳጉሜን መሀል ሲገባ ደሞ ጥቂት ቀን ይበላል፣ ማንም አያስተውለውም። መፍትሄው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሶስት የተለያየ ኮለም ማስገባትና በኋላ ሁሉንም በአንድ ላይ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሮ ማስላት ነው። ዳታ ሰብሳቢ ሜዳ ላይ በአእምሮው እንዲቀይር አታድርጉ።

መጠይቁ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከዛ በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መመለስ፣ ከሳምፕሉ 5% በሚሆነው ላይ ሌላ ቦታ መሞከር፣ ይሄ ሁሉ ጋይድላይኑ ላይ አለ። ፕሪቴስቱን (ቀድሞ መሞከሩን) ግን ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ መካከለኛ" የሚለው አምስት ደረጃ ገጠር ላሉ እናቶች ሲነበብ ሶስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርሱ ሁሉም "እሺ" ይሆናል። እኔ መጀመሪያ "ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?" ከዛ "በጣም ነው ወይስ ትንሽ?" ብዬ ሁለት ቦታ ሰብሬ ነው ያሳለፍኩት።

ኮንሰንት (የተጠያቂዋ ፈቃደኝነት) ላይ ደሞ ቅጹን አስፈርሞ መሄድ እንደ ፎርማሊቲ የሚታይ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን በእጅ እያለ ሳይታከሙ 40 ዓመት "ተጠኑ"። ያንን ካነበብኩ በኋላ ቅጹን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። የኛ እናቶች ፊርማ ሲባል ይፈራሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ፊርማ የሚያውቁት ለብድርና ለፍርድ ቤት ነው። ኤቲካል ክሊራንስ (የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድ) ስትጠይቁ የቃል ፈቃደኝነት በምስክር እንዲፈቀድላችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ጠይቁ፣ ወረቀቱንም እንደ አዋጅ ሳይሆን በሚወራ አማርኛ ጻፉት፣ "እምቢ ብትዪም ክትትልሽ አይቋረጥም" የሚለው ከላይ ይሁን። የድጋፍ ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ እየተባለ ስለሚሄድ ጊዜውን ፕላናችሁ ውስጥ አስገቡት፣ እኔ የገዛ ጤና ጣቢያዬን ለማጥናትም ሰንሰለቱን ጠብቄያለሁ።

ሶስተኛው ጥያቄ፣ ማውራቱ፣ ለኔ ትልቁ ትምህርት ነው። "ለምን ዘገየሽ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ ክስ ነው፣ ይቅርታ ትጠይቃለች እንጂ አታወራም። "እስቲ ማርገዝሽን ያወቅሽ ቀን ጀምሮ የሆነውን አጫውቺኝ" ስትሉ ነው የሚከፈተው። አንዷ "ሆዴ ሳይገፋ ነፍሰ ጡር ነኝ ብዬ ብሄድ፣ ቢወርድብኝስ ሰው ምን ይለኛል" አለች። ሌላዋ "ሶስቱን በሰላም ወልጄ የለ እንዴ" ብላ ሳቀች። እነዚህን ጠብቄያቸው ነበር። ያልጠበቅኩት ይሄን ነው፦ "መጥቼማ ነበር በሁለት ወሬ፣ ምርመራው አለሽ አለኝ፣ ገና ነው ሲገፋ ነይ አሉኝ።" እንደዚህ ያለች አንድ ብትሆን ኖሮ ባለፍኩት፣ ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር አመጡ። መጠይቄ ላይ ስለ ርቀት፣ ስለ ባል፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሬዲዮ ተጠይቋል፣ "ቀድመሽ መጥተሽ ተመልሰሽ ታውቂያለሽ?" የሚል ግን የለም፣ ምክንያቱም ካነበብኳቸው ጥናቶች የወሰድኩት መጠይቅ እናትየዋን እንጂ እኛን አይጠይቅም። ዕድል ሆኖ ቃለ መጠይቁን ቀድሜ ስለጀመርኩ ጥያቄዋን ሳይታተም አስገባኋት። ሚክስድ ሜቶድ የምትሰሩ ከሆነ ከቻላችሁ ማውራቱን አስቀድሙ። የአንድ ሰዓት የድምጽ ቅጂ ወደ ጽሁፍ መገልበጥ ግን ግማሽ ቀን ይበላል፣ በየማታው ካልገለበጣችሁት ይከመራል። ኮዲንግ (የተወራውን በሐሳብ በሐሳብ መመደብ) ለሚባለው ሶፍትዌር አልተጠቀምኩም፣ አትሜ በከለር ማርከር ነው የሰራሁት፣ ማንም አልጠየቀኝም።

አናሊሲስ ላይ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው ሶፍትዌር የሚጫነው ቁልፍ ቀላል ነው፣ ቁምነገሩ የወጣውን ማንበብ ነው። ባይቬርየት (አንድ በአንድ ሲታይ) ላይ ፒ ቫልዩ (ግንኙነት ባይኖር ይሄን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት እድል) ከ0.25 በታች የሆነውን ወደ መልቲቬርየት (ሁሉም አንድ ላይ ወደሚታይበት) ማስገባት የሚባለውን ሁላችንም እንደ ዳዊት እንደግመዋለን፣ እኔ ግን ቀድሞ ከተጠናውና ከስራችሁ አስፈላጊ መሆኑን የምታውቁትን ተለዋዋጭ ቁጥሩ ባይፈቅድም አስገቡ ባይ ነኝ። ሌላው የኦድስ ሬሺዮ አነባበብ ነው። ለምሳሌ ከሩቅ ከሚመጡት 60% ቢዘገዩ፣ ከቅርቦቹ 40% ቢዘገዩ፣ ሩቆቹ አንድ ተኩል እጥፍ ናቸው፣ 60 ለ40። ኦድስ ሬሺዮው ግን በየቡድኑ የዘገዩት ላልዘገዩት ተካፍለው ስለሚወዳደሩ 60/40 ሲካፈል ለ40/60 ሆኖ 2.25 ነው። ይሄን "ከሁለት እጥፍ በላይ ይዘገያሉ" ብሎ መጻፍ በየቲሲሱ አለ፣ የምታጠኑት ነገር ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ሲሆን ያጋንናል። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊሆንበት የሚችለው ክልል) 1ን ከነካ ደሞ ዝም ማለት ነው፣ "ትንሽ ግንኙነት ያለው ይመስላል" አይባልም።

ስለ ቱሎች ባጭሩ፦ ኮቦ (መጠይቅ በስልክ መሙያ) ነጻ ነው፣ ኔትወርክ ባይኖርም ስልክ ላይ ይሰራል፣ "እድሜ ከ15 እስከ 49 ካልሆነ አትቀበል" ስትሉት ይታዘዛል፣ የወረቀት ዳታ ኢንትሪ ስቃይ ይቀራል፣ ፓወር ባንክ ብቻ አትርሱ። ለንባብ ፐብሜድ (የጤና ጥናቶች መፈለጊያ) ክፍት ነው፣ ተቆልፎ ክፍያ የሚጠይቃችሁን ጆርናል ደሞ ሂናሪ ላይ ሞክሩ፣ የኛ ሀገር ተቋማት በነጻ ከሚጠቀሙት ውስጥ ናቸው፣ ፓስወርዱን ላይብረሪ ጠይቁ። ሪፈረንስ በእጅ መጻፍ ካቆምኩ ወዲህ ሕይወቴ ተቀይሯል፣ ዞቴሮ አውርዱ።

ውጤቱን ዲፌንድ ካደረግኩ በኋላ ቲሲሱን አይደለም ለጤና ጣቢያው የሰጠሁት፣ ማንም አያነበውም። አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩ፣ ሶስት ነገር ብቻ፣ ስንቶቹ ዘገዩ፣ የትኞቹ ቀበሌዎች፣ ስንቶቹ ቀድመው መጥተው ተመለሱ። የጠዋት ስብሰባ ላይ ሲነበብ የመጨረሻዋ ላይ ክፍሉ ተንጫጫ፣ "ማነው የመለሰው?" ተባለ፣ እኔ ስምም ክፍልም አልያዝኩም፣ ቀድሞውኑ ያልያዝኩትም ለዚህ ነው። ላብራቶሪው "እኛ ፖዘቲቭ ብለን ወረቀቱን እንሰጣለን፣ ወዴት እንደምትሄድ ግን አንነግራትም" አለ፣ ተመላላሽ ክፍሉም እንደዛው። አሁን የእርግዝና ምርመራዋ ፖዘቲቭ የሆነ እናት ወረቀቱን ይዛ በዛኑ ቀን ወደ ኤኤንሲ ትላካለች፣ ካርዷም ያኔውኑ ይከፈታል። ለወረዳውም ያቺኑ አንድ ገጽ ነው ያስገባሁት፣ ከነማህተሙ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኖቹ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ።